ስሙን ሳላውቅ የፈረድሁበት ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ ማለቂያ ገደማ፣ በጥቅምት ወር፣ ወረታ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰው "አንተ እኮ እውነተኛ ነህ" ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ምስጋናውም አይዋጥልኝም። ሌሎች አባቶች ቢያነቡት ሳይጠቅማቸው አይቀርም ብዬ ሳላሳምር እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ የቄስ ተማሪዎች ሲያጠኑ ከአጥር ውጭ ቆሜ እየሰማሁ ነው። ንባብ የተለማመድሁት ደግሞ የወረታው ባለሱቅ ስኳር ይጠቀልልበት ከነበረው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ለሰው ማመልከቻ እስከ መጻፍ ደረስሁ። ስለዚህ በአካባቢያችን ቃሌ ይሰማ ነበር። ይህንንም አውቀው ነበር፤ እኮራበትም ነበር።

ከወረታ በስተምሥራቅ አንድ ተራራ አለ። ስም አለው፤ እኛ ግን ዝም ብለን "ጉቡ" እንለዋለን። ክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ከብቱ ወደዚያ ይወጣል። በጸደይ፣ መስቀል አልፎ ሜዳው መጠንፈፍ ሲጀምርና ኑጉ ሲያብብ፣ ሦስቱን ልጆቼን ይዤ ከቅዳሴ መልስ ጉቡን መውጣት ልማዴ ነበር። ለጨዋታ አልነበረም። በየቦታው አቆማቸውና የቦታውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በዓመቱ ደግሞ እጠይቃቸዋለሁ። ያልመለሰ ከያዝሁት የሽምብራ ቆሎ አይደርሰውም።

መጀመሪያ የሚገኘው የፈረሰ የኖራ ግንብ ነው። የጎንደር ነገሥታት ለአደን ሲወጡ ያርፉበት ነበር ይባላል። ከፍ ሲል ጣሊያን የቆፈረው ምሽግ አለ፤ ክረምት የገባበት ውሃ እስከ ኅዳር አይደርቅም፣ እንቁራሪት ይጮህበታል። ከዚያ በላይ፣ ጉቡ እንደ አንገት ከሚቀጥንበት ላይ፣ ክምር ድንጋይ ነበረ። አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩ ሜዳው ሁሉ፣ ከቁሐር ሚካኤል እስከ ጣና ድረስ፣ ፊት ለፊት ነው።

በክምሩ አጠገብ ያለፈ ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይጥልበት ነበር። ለምን እንደሚጥል ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። እኔ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከደራ የመጣሁ ሰው ነኝ። እንደ መጣሁ ከጉቡ ሥር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጠይቄ ነበር።

"እንጃ ልጄ፣ የሞተ መንገደኛ ሳይሆን አይቀርም" አሉኝ።

ይህ መልስ ለልጅ የሚነገር ሆኖ አልታየኝም። ትምህርት የለበትም ብዬ ናቅሁት።

በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት፣ ትልቁ ልጄ ሙላት መንገድ ላይ አጉረመረመብኝ። ስምንት ዓመቱ ነበር። እግሩን እሾህ ወግቶት "አልሄድም" አለ። ክምሩ አጠገብ ስንደርስ አቆምሁትና እንዲህ አልሁት፦

"እዚህ የተቀበረው አባቱን በጥፊ የመታ ልጅ ነው። አባቱ ረገመው። የመታበት እጁ ደረቀ። ሲሞት ካህን አልፈታውም። መንገደኛ ሁሉ ድንጋይ እየጣለበት ይኖራል።"

ይህን ከየትም አልሰማሁትም። በዚያች ደቂቃ ከአፌ የወጣ ነው። ሙላት ድንጋይ አንስቶ ጣለና ከኋላዬ ገብቶ ጋቢዬን ያዘ። እኔም አይቼ ደስ አለኝ። ጥሩ አባት የሆንሁ መሰለኝ።

ልጆቼ ለጓደኞቻቸው ነገሩ። እረኞች ለእረኞች ነገሩ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከይፋግ ገበያ የመጣ አንድ ሰው ይህንኑ ታሪክ ለእኔው ነገረኝ፤ የልጁን ቁመትና የአባትየውን በቅሎ ቀለም ጨምሮበት። ስቄ አለፍሁት። ስመጣ እስከ ጉልበቴ የነበረው ክምር እስከ ደረቴ ደረሰ። ያን ሁሉ ዘመን ዝም አልሁ።

ልጆቹ አደጉ። ሁለቱ ወንዶች ጎንደር ገቡ፤ ሴቷን ደራ ዳርኋት። እናታቸው በወባ ሞተችብኝ። ከዚያ በኋላ ጉቡን ብቻዬን መውጣት ጀመርሁ። የምጠይቀው ልጅ ባይኖርም ከግንቡ አጠገብ እቆማለሁ፤ ከምሽጉ አጠገብም እቆማለሁ። ቆሎ መያዝ ግን ተውሁ።

ያን ዕለት እሑድ ነበር። ምሽጉ ዘንድ ስደርስ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘሁ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ትመስላለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሷል። በብብቷ አዲስ አቡጀዲ ጠቅልላ ይዛለች። ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው መሰለኝ።

"እንደምን ዋሉ፣ አባቴ። የአንገቱ ክምር ድንጋይ ሩቅ ነው?"

"ቅርብ ነው። እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ተከተይኝ።"

ሰው ካነጋገርሁ ስንት ቀኔ እንደ ነበር አላስታውስም። እየሄድን ስለ ግንቡ ነገርኋት፣ ስለ ምሽጉ ነገርኋት፤ ከበታቻችን ያለፍነውን ሁሉ እየዞርሁ በከዘራዬ አሳየኋት። ዝም ብላ ትሰማለች። እንዲህ የሚያዳምጠኝ ካገኘሁ ስንት ዓመቴ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ክምሩ ዘንድ ደረስን። አንድ ድንጋይ ጣልሁ። ሌላ አንስቼ ለእሷ ዘረጋሁላት።

"እንኪ፣ ጣይ።"

ተቀበለችኝ። አልጣለችም። "ምን አድርጎ ነው?" አለች።

ነገርኋት። ጥፊውን በእጄ እያሳየሁ፣ የደረቀውን እጅ አጣጥፌ እያሳየሁ ነገርኋት።

"ይህን ማን ነገረዎ?"

"የጥንት ታሪክ ነው።"

"ስሙስ ማን ነበር?"

"እንዲህ ያለ ሰው ስም የለውም" አልኋት።

ድንጋዩን ጎንበስ ብላ ሣሩ ላይ ቀስ አድርጋ አኖረችው።

"ስም አለው። ፈንቴ ይባላል። አባቴ ነው።"

ካለሁበት ተቀመጥሁ። እሷም ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። ስሟ እንይሽ እንደሚባል፣ የመጣችውም ከእስቴ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ነገረችኝ። አባቷ ከጎንደር ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ጣሊያን ሊገባ ሲል፣ ሜዳው ላይ ሰፍረው ሳለ ንዳድ ያዘው። ጓደኞቹ የደጋ አየር ያድነው ይሆናል ብለው በቅሎ ላይ አስረው ጉቡን አወጡት። አንገቱ ላይ ሲደርሱ ሞተ።

"ቸኩለው ስለ ቀበሩት ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም" አለችኝ። "ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ደረደሩበት። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ደግሞ 'ስለ ማርያም አንድ አንድ ድንጋይ ጨምሩለት' ብለው ለመኑ። በሕይወት የቀረው ጓደኛው ነው ሊሞት ሲል ጠርቶ የነገረኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ የት እንደ ወደቀ አላውቅም ነበር።"

እንግዲህ የሰው ሁሉ ድንጋይ መጣል ከዚህ የመጣ ነው። ለሞተ ሰው የተለመነ ደግነት ነበር።

የመጣችበት ጉዳይ አጽሙን አውጥታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ለማስቀበርና ፍትሐት ለማስደረግ ነው። አቡጀዲውም ለዚሁ ነው። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን አለቃ ወረታ አግኝታ ለምና ነበር። "አባቱን የመታ፣ የተረገመ ነው ይባላል። ሽማግሌ ሳይመክርበት ቅጽር አላስገባም" አሏት። ምክሩ ለመጪው እሑድ ተቀጥሯል።

"እንቢ ካሉኝ ወዴት እወስደዋለሁ?" አለችና ቀና ብላ አየችኝ። "አባቱን እስከ መጨረሻ የጦረው እሱ ነበር ይላሉ። ማን ነው ግን እንዲህ ብሎ ያወራበት?"

"እንጃ" አልኋት።

በዚያ ጉብ ላይ የሚጠይቀኝ ሰው አግኝቼ እንጃ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ውሸት ነበር።

ሳምንቱን እንዴት እንደ ገፋሁት እኔ አውቃለሁ። ለሰው ማመልከቻ የምጽፍበትን ወረቀት አውጥቼ እውነቱን ጻፍሁና መልሼ ቀደድሁት። አለቃውን ብቻ በምስጢር ብነግራቸውስ አልሁ። እሱንም ፈራሁ። "ዛሬ አንገቴን ብደፋ ነገ ማን ይሰማኛል?" እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ልጆቼ ቢሰሙስ የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብስብኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጨው ልገዛ ወደ ባለሱቁ ቤት ሄድሁ። እንይሽን ያሳደሯት እነሱ ነበሩ። የባለሱቁ ሚስት ሐዋ ጨዋታ ወዳድ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ፊቷ አልተፈታም።

"አያ ተገኘ፣ ይቺ ልጅ ከሰኞ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም" አለችኝ። "እናንተ ክርስቲያኖች የሠላሳ ዓመት አጥንት ትፈራላችሁ እንዴ? ተነሥቶ የሚመታችሁ መሰላችሁ?"

"ነገሩ ታሪክ አለበት" አልሁ።

"ታሪክ! እርስዎ ደግሞ ታሪክ አያልቅብዎትም" አለችና ጨዉን ሰጠችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከወይራው ሥር ተቀመጡ። እንይሽ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አቡጀዲው ጭኗ ላይ ነው። አለቃችን ነገሩን አስረዱና ወደ እኔ ዞሩ።

"የዚህን አገር ታሪክ ከአያ ተገኘ በላይ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ይንገሩንና እንለይ።"

ተነሣሁ።

"ታሪክ የለም" አልሁ። "ስለ ክምሩ የሚነገረውን ሁሉ እኔ ነኝ የፈጠርሁት። ልጄን ላስፈራራበት ብዬ ነው።"

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አንድ ሸምገል ያሉ ግራዝማች ተቆጡ።

"እርጅና ነው! እኔ ከአያቴ አፍ የሰማሁትን እሱ ፈጠርሁት ይላል እንዴ?"

"ግራዝማች፣ አያትዎ መቼ ነው የሞቱት?"

"ከጣሊያን በፊት ነዋ!"

"ያን ጊዜ እኮ ክምሩም አልነበረም።"

"ነበረ! ከጥንት ጀምሮ ነበረ!" ብለው በከዘራቸው መሬቱን መቱት።

ሌላው ደግሞ "ሴትዮዋ አሳዝናው ነው። ማዘኑስ ደግ ነበር፤ ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይዋሽም" አለ።

እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። እውነቱን ከተናገርሁ ይፈርዱብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። አያምኑኝም ብዬ አላሰብሁም። ሃያ ዓመት ስዋሽ ያመነኝ ሰው ሁሉ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር አላመነኝም።

አለቃው ተነሥተው አጠገቤ መጡ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው "አያ ተገኘ፣ እኔ እኮ በዐውደ ምሕረት ሰብኬበታለሁ" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ አባቴ። ቆሜ ሰምቼዎታለሁ።"

"ሰምተው ዝም አሉ?"

"ዝም አልሁ።"

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። አለቃው መስቀላቸውን አወጡና ዘረጉልኝ። እጄን በላዩ አኑሬ ሙላት እሾህ ከወጋው ጀምሮ ያለውን ሁሉ ተናገርሁ። ግራዝማች ተነሥተው ሄዱ። እንይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር፤ ታልቅስ አታልቅስ አላየሁም።

አለቃው ፈቀዱላት። ለእኔም ንስሐ ሰጡኝ። "ድንጋዩን እርስዎ ያንሡት። ማንም እንዳያግዝዎ" አሉኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከላይ ያሉት ትናንሾች ነበሩ፤ የልጅ እጅ የጣላቸው። ከእነዚያ ውስጥ የእኔ ልጆች የጣሏቸው ስንት እንደሆኑ እንጃ። ወደ ታች ስወርድ ድንጋዩ እየተለቀ፣ አደራደሩም እያማረ ሄደ። እንይሽ ጠዋት ትመጣለች፣ ፈንጠር ብላ ትቀመጣለች፣ ማታ ትወርዳለች። አንድ ቀን ውሃ በቅል አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ያን ውሃ ስጠጣ እንደ ተሰማኝ እፍረት በሕይወቴ ሌላ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አጽሙ ተገኘ። ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ እንደ ክርስቲያን ደንብ። አፈር ፊቱን እንዳይጫነው ሁለት ድንጋይ ግራና ቀኝ አቁመው፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በላዩ ጋድመውለታል። በሽታውን ፈርተው፣ ቸኩለው፣ እንደዚህ አድርገውለታል። አባቱን የመታ የተረገመ ሰው እንዲህ አይቀበርም። የተጠራጠሩት ሽማግሌዎችም መጥተው አዩ።

እንይሽ አጽሙን በአቡጀዲ ጠቀለለችው። ፍትሐት ተደረገለትና ከቅጽሩ ውስጥ፣ ከአንድ ወይራ ሥር ተቀበረ። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ባለሱቁና ሐዋ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ቆዩ።

በማግስቱ የደብረ ታቦር ካሚዮን ስትጠብቅ ወደ መንገዱ ሄድሁ። ጎንበስ ብዬ "ይቅር በይኝ" አልኋት።

"እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ" አለችኝ። "እሱን ግን አላውቀውም። ሲሄድ ሦስት ዓመቴ ነበር። ምን እንደሚል እንጃ።"

ካሚዮኑ መጣና ወጣች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

በወረታ ማመልከቻ ይጻፉልኝ ብሎ የሚመጣ ቀነሰ። አልፈርድባቸውም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሙላት ለጥምቀት ከጎንደር ሲመጣ ነው። ከኔ ሳይሰማ ገበያ ላይ ሰምቶት ነበር። ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም።

"አባባ፣ ውሸት ነበር?" አለኝ።

"ውሸት ነበር።"

"ያን ሰውዬ በሕልሜ እያየሁት ነው ያደግሁት።"

መሬት መሬት እያየም፣ "እኔ እኮ ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ" አለ።

"እንግዲያው ውሸት ነው በላቸው።"

"እሺ" አለኝ። በማግስቱ ተመልሶ ሄደ። ይንገራቸው አይንገራቸው አልጠየቅሁትም። አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሰላምታው ትሕትና አለው፤ ነገር ግን የምነግረውን ነገር ሁሉ ሰምቶ ዝም ይላል። ያመነኝ ወይም ያላመነኝ እንደ ሆነ ከፊቱ ላይ ማወቅ አልችልም። ቤቴ ውስጥ ከእሱ ጋር ተቀምጬ ብቻዬን የሆንሁ ያህል የሚሰማኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ልጆች መቀጣት አለባቸው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። አባት መከበር አለበት ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን ልጄን ለማረም ስል የማያውቀኝን፣ ያልበደለኝን፣ መልስ ሊሰጠኝ የማይችለውን ሰው ስም አጠፋሁ። ልጄም በዚያ አልታረመም፤ ፈራ እንጂ።

የልጅ ልጆቼ ጎንደር ተማሪ ቤት ገብተዋል፤ ማንበብ ይችላሉ። ይህን የጻፍሁት ምናልባት እነሱ እጅ ቢገባ ብዬ ነው። ያ ሰው ፈንቴ ይባላል። የእስቴ ነጋዴ ነበር። በንዳድ ሞተ፤ ጓደኞቹም አክብረው ቀበሩት። አባቱን አልመታም። መታ ያልሁት እኔ አያታችሁ ነኝ።